ዝም በሉ የማይባልበት ቤተ መጻሕፍት

ለጥምቀት እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር የሆናትን ልጄን፣ ሚጣ እያልን የምንጠራትን፣ ካየቻት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ምሳ ተበልቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ልጅቷን ጉያዋ ውስጥ ሸጎጥ አድርጋ፣ እኔንም እህቶቼንም ባሳደገችበት ድምፅ “ተረት ተረት!” አለቻት። ሚጣ ዝም። እናቴ ያልሰማቻት መስሏት ጠጋ ብላ ደገመችው። “ተረት ተረት!” ልጄ አያቷን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “ዳዲ፣ አይ ዎንት ፎን” አለች።

“ምን አለች?” ብላ ጠየቀችኝ እናቴ።

“ስልክ ስጠኝ ነው የምትለው” አልኳት።

“አማርኛ አትችልም እንዴ?”

መልሱን ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር ትችላለች። “እምቢ”፣ “ውሃ”፣ “እማዬ ትምጣ” ትላለች። ቀለሙን፣ ቁጥሩንና የእንስሳቱን ስም ግን የምትጠራው በእንግሊዝኛ ነው። ቁጭ ብሎ ያስተማራት ሰው የለም፤ ያስተማራት ስልኩ ነው። እናቴ ሦስት ቀን ቆይታ ስትመለስ ላምበረት መናኸሪያ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ላይ ልትወጣ ስትል እየሳቀች፣ ግን ደግሞ እየከፋት፣ “ይቺ ልጅ የላም በረት ሲባል የምታውቀው መናኸሪያውን ብቻ እንዳይሆን!” አለችኝ። ቀልዱ ቀልድ ነው። የልጅ ልጇን ያለ አስተርጓሚ ማነጋገር ያቃታት አያት ግን እውነት ናት።

ይህን የምጽፈው የቤቴን ገመና አደባባይ ማውጣት አምሮኝ አይደለም። የእኔ ቤት ታሪክ የጎረቤቴም የባልደረባዬም ታሪክ መሆኑን ስለማውቅ ነው። እስኪ ካፌ ውስጥ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ዘመድ ጥየቃ በሄዳችሁበት ቤት ሁሉ ልብ ብላችሁ እዩ። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ስልክ ላይ አፍጥጧል፤ ወላጅ እፎይ ብሏል። እኔማ መጀመሪያ ላይ እኮራበት ነበር፤ አልዋሽም። ሚጣ ገና በዓመት ከመንፈቋ “ዋን፣ ቱ፣ ስሪ” ስትል ቪዲዮ ቀርጬ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ የላክሁት እኔው ነኝ። “ጎበዝ ልጅ!”፣ “ታድለህ!” የሚል መልስ ሲጎርፍልኝ ደረቴን ነፍቻለሁ። የተነፋው ደረት የተነፈሰው ለጥምቀት ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ራሴን ነፃ ላወጣ አልፈልግም። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። አባት ሦስት ቀን አለው። ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሆነው እናት ወደ ሥራ ትመለሳለች ማለት ነው። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ በአዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁለት ዓመት ነው። አንደኛ ክፍል በሰባት ዓመት ስለሚጀመር ቅድመ አንደኛው አምስትና ስድስት ዓመት ላይ ያርፋል። በግል ከፍሎ ቀደም ብሎ የሚያስገባ እንዳለ ሆኖ፣ ከሦስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለው ሜዳ የማን ነው? አያት ካለች የአያት ነው። ጎረቤት ደግ ከሆነ የጎረቤት ነው። ሕፃናት ማቆያ የተገኘለት ዕድለኛ ነው። ለቀረው ለእንደኛ ዓይነቱ ደግሞ የቤት ሠራተኛና ስልክ ነው።

ይህ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጊዜ አይደለም። ልጅ አፉን የሚፈታውና የሰውን ፊት ማንበብ የሚለምደው በእነዚህ ዓመታት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ፣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጭራሽ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚህም ቢያንስ ይሻላል ይላል። ልጁ አረፍ በሚልበት ጊዜ አሳዳጊው መጽሐፍ እንዲያነብለት፣ ተረት እንዲነግረው ያበረታታል። የእኛ ቤት አንድ ሰዓት ግን ከቁርስ በፊት ያልቅ ነበር።

እናቴን በሸኘሁ ሳምንት ነገሩን ለአንድ ባልደረባዬ አጫወትኩት። “ቤተ መጻሕፍት ለምን አትወስዳትም? ውጭ አገር እኮ ሕፃናቱን ሰብስበው ተረት የሚነግሯቸው እዚያ ነው” አለኝ። እኔም አላመነታሁም፤ ቅዳሜ ጠዋት ሚጣን አዝዬ በከተማችን ካሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወደ አንዱ ሄድኩ።

በሩ ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ ሲያበቃ ልጅቷን አየና፣ “እሷም ትገባለች?” አለኝ። “አዎ፣ መጽሐፍ ላሳያት ነው” አልኩት። ግራ ቢገባውም ጨዋ ሰው ነው፤ “እንዳትረብሽ ብቻ” ብሎ አሳለፈን። የልጆች ተብሎ የተለየው መደርደሪያ ያለው ዋናው የንባብ አዳራሽ ጥግ ላይ ነበር። ተማሪው ግጥም ብሎ ሞልቷል። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ የሚጠብቃቸው ልጆች የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄ ላይ ተደፍተዋል። አንድ የእንስሳት መጽሐፍ አነሳሁና መሬት ላይ ተቀምጠን ገለጥነው። ሚጣ የውሻውን ሥዕል እንዳየች አዳራሹን በሚሰነጥቅ ድምፅ “ዶግ!” አለች። ሃምሳ ስልሳ ራስ አንድ ላይ ዞረ። “እሽሽ!” የሚል ድምፅ ከሦስት አቅጣጫ መጣ። ልጄ ደግሞ “እሽሽ” ሲሏት ጨዋታ ይመስላታል። እሷም “እሽሽሽ!” ብላ መለሰችላቸውና ሳቀች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእናንተ ልተወው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደጅ ነበርን።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቤቴ ደርሼ ሳስበው ግን ተማሪዎቹ አንዳች አላጠፉም። አብዛኛው ተማሪ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣው መጽሐፍ ፍለጋ አይደለም፤ የራሱን ደብተር ይዞ ነው የሚመጣው። የሚፈልገው ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ነው። አንዲት ክፍል ውስጥ ስድስት ሆኖ ለሚያድር ልጅ እነዚህ ሦስቱ ትልቅ ሀብት ናቸው። ቤተ መጻሕፍታችን ለዘመናት ያገለገለው እንደ ቤተ ጥናት ነው። ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ችግሩ የሁለት ዓመት ልጅ ከመጽሐፍ ጋር የምትተዋወቀው ከዚህ ፍጹም በተቃራኒው መሆኑ ነው። እሷ መጽሐፉን በእጇ መደብደብ፣ ጥጉን ማኘክ፣ ከውሻው ጋር መጮህ አለባት። አንዱ ዝምታ ይፈልጋል፤ ሌላዋ ጫጫታ። ሁለቱን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስቀመጥ ሁለቱንም መበደል ነው። ስለዚህ “የልጆች ክፍል አለን” ለማለት ጥግ ላይ አንድ መደርደሪያ ማቆም አይበቃም። ግድግዳ ያስፈልጋል፤ ግድግዳ ከሌለ ደግሞ ሰዓት።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ጠይቄ ጠይቄ፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የተረት ሰዓት ያለው አንድ አነስተኛ የልጆች ቤተ መጻሕፍት አገኘሁ። ዕቃው ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። አንድ ክፍል፣ ምንጣፍ፣ በልጅ ቁመት ልክ የተሠራ መደርደሪያ፣ የተበጣጠሰ በፕላስተር የተለጠፈ መጽሐፍ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ስልክ ኪስ ውስጥ ይገባል። አሥር አሥራ ሁለት ሕፃን ከነአሳዳጊው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ተራኪዋ ወጣት ናት። ቁጭ አለችና እንደ እናቴ “ተረት ተረት!” አለች። እናቶቹ በአንድ ድምፅ “የላም በረት!” ብለው መለሱ። ምን ልበላችሁ፣ እኔም ሳላስበው ጮክ ብዬ መልሻለሁ። ስንት ዓመቴ ነው አፌ እንደዚያ ካለ!

ከዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነውና። ተራኪዋ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አላነበበችም። አንድ ገጽ ትገልጣለች፣ “ይኼ ማነው?” ትላለች፣ ትጠብቃለች። የሚመልስ ይመልሳል፤ የማይመልስ ያያል። አያ ጅቦ ሲመጣ ድምጿ ይወፍራል፣ እመት ጦጢት ስትመጣ ይቀጥናል። በመሃል ይጨበጨባል፣ ይዘፈናል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። የሚሮጥ ይሮጣል። “ዝም በሉ” የሚል የለም። ሁሉም ነገር ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ሕፃን አይችልማ። በሚቀጥለው ሳምንት ስንሄድ አዲስ ተረት የጠበቅሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን ያንኑ ደገመችው። በሦስተኛውም ሳምንት ያንኑ። ሰልችቶኝ ዙሪያዬን ሳይ ሕፃናቱ አልሰለቻቸውም። እንዲያውም ጅቡ የሚመጣበት ገጽ ከመገለጡ በፊት አንዱ ልጅ እናቱ ጉያ ሲደበቅ አየሁት። ምን እንደሚመጣ አውቋል። ማወቁ ነው ደስታው። ስልኩ ጣት በነካው ቁጥር አዲስ ነገር ያመጣል፤ ልጅ የሚማረው ግን ከተደገመው ነው።

ሚጣ በመጀመሪያው ሳምንት በሩ ሥር ቆማ ነው የጨረሰችው። በሁለተኛው ጉልበቴ ላይ ተቀመጠች። በአራተኛው ሳምንት ተራኪዋ “ይኼ ማነው?” ስትል ልጄ ከኋላዬ ብቅ ብላ፣ በቀጭን ድምፅ “አያ ጅቦ” አለች። ቪዲዮ አልቀረጽኩም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሌላም ነገር ታዘብኩ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ከልጆቹ ይልቅ የሚማሩት ወላጆቹ ናቸው። ተረት እንዴት እንደሚነገር፣ ጥያቄ ተጠይቆ መልሱ እንዴት እንደሚጠበቅ ረስተነው ኖሯል። በሳምንት ግማሽ ሰዓት የልጅን ቋንቋ አይለውጥም። የሚለውጠው ወላጁ ያንን ይዞ ቤቱ ሲገባና ማታ ማታ ሲደግመው ነው። የተረት ሰዓት ለልጅ ጨዋታ ነው፤ ለወላጅ ግን ትምህርት ቤት ነው። በነገራችን ላይ ከአሥራ ሁለቱ ሕፃናት ጋር የመጣነው አባቶች ሁለት ብቻ ነበርን። የሌሎቹ የት እንደሆኑ አልጠይቅም፤ እኔም እስከ ጥምቀት ድረስ የት እንደነበርኩ አውቃለሁና።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ስላልተመቻት፣ እኔም ልጅቷን ብቻዬን እንዳልቸገር ቤት የምታግዘንን ልጅ ይዣት ሄድኩ። ከወሎ ገጠር የመጣች፣ ሃያዎቹን የጀመረች ጭምት ልጅ ናት። ተረቱ ሲነገር ፈገግ እያለች ትሰማ ነበር። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ “ጋሼ፣ ይኼን እኮ እኔም አውቀዋለሁ። አያቴ ስትነግረን ነው ያደግነው። የእኛ አገሩ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል” አለችኝ።

“ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አትነግሪያትም ነበር?”

ትንሽ አቅማማችና፣ “እናንተ እንግሊዝኛውን እንድትለምድ የፈለጋችሁ መስሎኝ ነዋ። ስልኩን ከፍተሽ ስጫት ስትሉኝ…” አለች።

ቀሪውን መንገድ አልተናገርኩም። ሀብቱ ማድ ቤታችን ውስጥ ነበር። በቀን አሥር ሰዓት ከልጄ ጋር የምትውለው ልጅ ስንት ተረት፣ ስንት እንቆቅልሽ ይዛ መጥታ፣ እኛ ስልክ አስይዘን አፏን ዘግተናታል። ማንም “አትንገሪያት” አላላትም። ዋጋ እንደሌለው ግን በተግባር ነግረናታል። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን የምሳ ሰዓት ላይ ስልክ የለም፤ የወሎው ጅብ ነው ያለው። ረዥሙ።

አሁን ከቤቴ ወጥቼ ወደ አገሩ ልመለስ። የተረት ሰዓት ለእኛ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር አብረው የገቡት አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት፤ የአገሩ ልጅ ሁሉ በያለበት ይሰበሰባል። ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ የጎረቤት መስኮት ላይ ይንጠለጠላል። እሱ የአንድ አገር የተረት ሰዓት ነበር። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ደግሞ በስደት በሚኖሩበት አሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ የሌላው አገር ልጅ በቋንቋው መጽሐፍ ሲያገኝ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው እንቅልፍ ነሳቸው። ሥራቸውን ትተው መጽሐፍ ጭነው ተመለሱና፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍትም በሐዋሳ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ “ፀሐይ መማር ትወዳለች” በቴሌቪዥን መጥታ ብዙ ልጆችን በአማርኛ አስቃለች፣ አስተምራለች።

እነዚህን ሁሉ ስታዩ አንድ ነገር ይደጋገማል። ብዙዎቹ የቆሙት በአንድ ወይም በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ነው። ሰው ሲደክመው ሰዓቱም ይደክማል። የእኛ ጉድለት ተረት ነጋሪ ማጣት አይደለም፤ ተረት ነጋሪውን ቦታ ሰጥቶ፣ ደመወዝ ቆርጦ፣ ሲሄድ የሚተካው አዘጋጅቶ የሚያኖር ተቋም ማጣት ነው።

ሕንፃስ አላጣንም። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተመረቀው አብርሆት 1.1 ቢሊዮን ብር ገደማ ወጥቶበት፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሺህ አንባቢ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ለልጆችም ክፍል አለው። የከተማው አስተዳደርም በቀዳማይ ልጅነት መርሐ ግብሩ አዲስ አበባን በአፍሪካ ልጆችን ለማሳደግ ምርጥ ከተማ አደርጋለሁ ብሎ ተነስቷል። መልካም ነው፤ እናበረታታለን። ነገር ግን ከአያት ኮንዶሚኒየም ወይም ከጀሞ የሁለት ዓመት ልጅ አዝሎ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ አራት ኪሎ የሚደርስ ስንቱ ነው? በየሳምንቱስ? የትልቅ ሕንፃ ጥቅም ለትልቅ ሰው ነው። ለሕፃን የሚሆነው በእግር የሚደረስ ቦታ ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ለሕፃናት ሌላ ቢሊዮን ብር አንጠይቅም። በየወረዳው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ይሰጠን። ቦታው አለ። የወጣት ማዕከላቱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ማጣት አይከብዳቸውም። በየኮንዶሚኒየሙ ለድግስና ለለቅሶ የተሠሩት የጋራ ቤቶች ብዙውን ቀን ተቆልፈው ይውላሉ። ምንጣፍ አንጥፎ ሃምሳ መጽሐፍ ማስቀመጥ የአንድ ስብሰባ የውሎ አበል አይፈጅም። የግድ የሚያስፈልገው ግን ሰው ነው። በበጎ ፈቃድ ተጀምሮ በበጎ ፈቃድ የሚቆም ሳይሆን፣ “የልጆች ንባብ ባለሙያ” የሚባል የሥራ መደብ ኖሮት፣ ሠልጥኖ፣ ደመወዝ የሚበላ ሰው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ የሚመዘግብ ባለሙያ እንቀጥራለን፤ መጽሐፉን ለልጅ የሚያናግር ግን አንቀጥርም።

ሁለተኛው መጽሐፉ ነው። ሕፃን የማይቀደድ፣ በወፍራም ካርቶን የተሠራ ገጽ ያስፈልገዋል። ገበያ ላይ የምናገኘው እንዲህ ያለው መጽሐፍ አብዛኛው ከውጭ የመጣ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በስልኩ የሸሸነው ነገር በመጽሐፍ ተመልሶ እንዳይመጣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ልጆቻችን ቤታቸው በሚሰሙት ቋንቋ ሁሉ መታተም አለበት። አሳታሚ ብቻውን አይደፍረውም፤ ወረቀቱም ማተሚያውም ውድ ነው። መንግሥት ለቤተ መጻሕፍቱ አስቀድሞ እገዛለሁ ቢል ግን ይደፍራል። በእንግሊዟ በርሚንግሃም እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ቡክስታርት የተባለው ፕሮግራም ለሕፃናት መጽሐፍ በነፃ የሚሰጥ ነው። በትንሽ ተጀምሮ አገር አዳርሷል። እኛም ክትባት የሚመጣውን ሕፃን ሁሉ ጤና ጣቢያ ላይ እናገኘዋለን። መንገዱ ተጠርጓል።

ሦስተኛው አደራ ነው። እባካችሁ፣ ይህንን የተረት ሰዓት ሌላ መዋዕለ ሕፃናት አታድርጉት። “ልጄ በሦስት ዓመቱ ሀ ሁ ዘልቋል” ለማለት የሚቸኩል ወላጅ ብዙ ነው፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ፈተና፣ ደረጃ፣ ሰርተፊኬት ከገባበት ያ ጉያ ውስጥ የተደበቀው ልጅ ይጠፋል።

አንዳንዱ ሰው፣ “ዳቦ ስንት በገባበት ጊዜ የምን ተረት ነው?” ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ልክ ነው፤ አላቃልለውም። ግን ከድሆች አያቶቻችን ጋር በጨለማ ተቀምጦ የኖረው እኮ ተረት ነው። ድሃ የሚችለው ሀብት እሱ ነበር። ዛሬ በየመዝናኛውና በየገበያ ማዕከሉ ለልጆች የሚዘጋጀው ጨዋታ የሚገኘው በክፍያ ነው፤ ያውም ብዙው በእንግሊዝኛ። ዝም ካልን ተረትም እንደ ግል ትምህርት ቤት የከፋይ ልጅ ብቻ ሊሆን ነው። ሌላው ደግሞ፣ “ዘመኑ የእንግሊዝኛ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?” ይለኛል። እንግሊዝኛው የትም አይሄድም፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። አያቷ ግን እስከዚያ ላትጠብቅ ትችላለች።

ለፋሲካ እናቴ ተመልሳ መጣች። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ሚጣን ጉያዋ አስገባቻት። እንዳትፈትናት ፈርቼ ወሬ ልቀይር ስል ቀደመችኝ። “ተረት ተረት!”

ሚጣ ትንሽ ቆየች። እኔም፣ ባለቤቴም፣ ከማድ ቤት በር ላይ የቆመችውም ትንፋሻችንን ዋጥን። “…ላም በረት” አለች። እናቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀጠለች። አያ ጅቦ መጣ፣ ሄደ፣ ተረቱም አለቀ። ሚጣ የአያቷን ነጠላ ጎተት አድርጋ፣ “ዋን ሞር!” አለቻት።

“አሁን ደግሞ ምን አለች?” አለችኝ እናቴ።

“አንድ ድገሚኝ ነው የምትለው” አልኳት።

“ይኼንንማ ሳትተረጉምልኝም ገብቶኛል” ብላ ከመጀመሪያው ጀመረችላት።

ቸር እንሰንብት!